ጠይቆ የሚቀር ደንበኛና የእኛ ይሉኝታ

(በላሊበላ ከተማ ለአስጎብኚዎች፣ ለባለበቅሎዎች፣ ለሆቴልና ለእጅ ሥራ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ሲበቃ ጥቂት ታርሟል።)

  

የማነሣው ሁላችሁም የምታውቁትን፣ ግን በአደባባይ የማንነጋገርበትን ችግር ነው። ሰውየው ዋጋ ይጠይቃል፤ ፕሮግራም ያስወጣል፤ ቀን ያስይዛል፤ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ ዓይነቱ ደንበኛ በየቡናው ላይ እናማርራለን፤ እንዴት እንያዘው ብለን ግን ተቀምጠን አልመከርንም። ዓላማዬ ይህን ምክክር መጀመር ነው። በመጀመሪያ ጉዳቱ ምን እንደሚመስል ከቅርብ አሳያለሁ። ቀጥሎ ችግሩ ከደንበኛው ይልቅ ከእኛ ይሉኝታ እንደሚጀምር ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከዚያ ስለ ዋጋ፣ ስለ ቀንና ስለ ቀብድ እናገራለሁ። ቀብዱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ መፍትሔው ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁና።

ከጉዳቱ ልጀምር። አንድ እንግዳ ማታ በሆቴሉ በር ላይ ባለበቅሎ ያገኛል። «ነገ ጧት ወደ አሸተን ማርያም እወጣለሁ፤ በቅሎህን አምጣልኝ» ይለዋል። ባለበቅሎው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ይሄዳል። ስም አልተጠያየቁም፤ ገንዘብ አልተቀባበሉም፤ ሰዓቱንም በጣት ምልክት ነው የተግባቡት። የባለበቅሎው ቤት ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ዶሮ ሲጮህ ይነሣና ለበቅሎዋ ገብስ ያቀርባል፣ ውሃ ያጠጣል፣ ኮርቻውን ጭኖ ይለጉማል። መንገዱ ድንጋያማ ዳገት ስለሆነ አንድ ሰው ከፊት ሊስብ፣ አንድ ሰው ከጎን ሆኖ እንግዳውን ሊደግፍ ይገባል፤ ስለዚህ ልጁን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ልጁ የዚያን ዕለት ትምህርት ቤት አይሄድም። አባትና ልጅ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሆቴሉ አጥር ሥር ይቆማሉ። 12 ሰዓት ይሆናል፤ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ፀሐይ ትሞቃለች። 3 ሰዓት ላይ ዘበኛው ወጥቶ «ሰውየው እኮ በመኪና ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዷል፤ እናንተ ሳትመጡ ነው የወጣው» ይላቸዋል።

ይህ ሰው ምን ከሰረ? የቀን ኪራዩን እንላለን። ኪሳራው ግን ከዚያ ያልፋል። ቆሞ ሲጠብቅ ሌላ እንግዳ መጥቶ በቅሎዋን ጠይቆት ነበር፤ እሱ ግን ቃሉን አክብሮ «ተይዛለች» ብሎ መልሶታል። ደግሞም እንግዳ በብዛት የሚመጣበት ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ወራት የላስታ ገበሬ የሚያጭድበትና የሚወቃበት ወራት ነው። አውድማ ላይ የቀረው ገብስ፣ ከትምህርቱ የቀረው ልጅ፣ «ተይዛለች» ተብሎ የተመለሰው እንግዳ፣ ሁሉም በዚያች አንዲት ጧት ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ። የቀረው እንግዳ ይህን አያውቅም። ማንም አልነገረውም።

አስጎብኚው ደግሞ የሚጠብቀው ስልኩን ይዞ ነው። ከውጭ አገር መልእክት ይደርሰዋል፤ አራት ሰዎች ለገና መጥተው 12 ቀን ሊቆዩ ነው፣ ፕሮግራምና ዋጋ ይፈልጋሉ። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ስሜንን፣ ላሊበላን፣ አክሱምን አስገብቶ ያወጣላቸዋል። የመኪናውን፣ የነዳጁን፣ የሆቴሉንና የአውሮፕላኑን ዋጋ ለማጣራት ይደውላል፤ ወዳጆቹን ያስቸግራል፤ ኔትወርክ የሚሻለው በሌሊት ነውና በሌሊት ይጽፋል። ሲልክላቸው «በጣም ግሩም ነው፤ ግን ስሜንን አውጣና ዳናኪልን አስገባልን» ይሉታል። ያስተካክላል። «ሁለት ሰው ቢቀርስ?» ይሉታል። እንደገና ያሰላል። ከዚያ በኋላ ዝም ይላሉ። ወር ቆይቶ ያንኑ የራሱን ፕሮግራም፣ ቀኑም ሆቴሉም ሳይለወጥ፣ ሌላ ድርጅት ሲሠራበት ያያል። ሰዎቹ የእሱን ድካም ይዘው «ከዚህ ዋጋ ምን ያህል ዝቅ ታደርጉልናላችሁ?» እያሉ ሲዞሩበት ከርመዋል።

በብራና ላይ የሚሥለው ባለሙያም ያው ነው። ከባሕር ማዶ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ነን የሚሉ ሰዎች ንድፍ ያሠሩታል፤ የመልአኩን የክንፍ ቀለም ያስለውጡታል፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ «ኮሚቴው ገና አልወሰነም» ይሉታል። ኮሚቴው መቼ እንደሚወስን አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ከውሳኔው በፊት ብሩሽ አያነሣም ነበር።

በደጉ ዘመን እንዲህ ያለው ኪሳራ ይሸፈን ነበር። የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ከተማችን ዓይኗን በእንግዳ ላይ አድርጋ ኖራለች፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ይመጣ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማይቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር ኖረች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ግጭት ተነሣ። በእነዚህ ዓመታት ስንቱ አስጎብኚ የቀን ሥራ እንደገባ፣ ስንቷ እናት መሶቧንና ረከቦቷን እንደሸጠች እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ዛሬ አንድ ጠያቂ ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ተስፋ ያደርጋል፤ የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ደብተር፣ የተበደሩት ጤፍ በዚያ ጠያቂ ላይ ይታሰባል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን እንደ ቀላል የንግድ ጉዳይ ልናየው አይገባም እላለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ይህ ደንበኛ ጊዜያችንን የሚያባክነው ክፉ ስለሆነ ነውን? አንዳንዱ ክፉ ነው፤ የሰውን ሥራ ለዋጋ ማስቀነሻ የሚጠቀም ሰው በደል እየሠራ ነው፤ ይህን ማለባበስ አልፈልግም። አብዛኛው ግን እንዲያ አይደለም። እኛ ስላልነገርነው ነው የማያውቀው። ያልነገርነውም ይሉኝታ ይዞን ነው።

የይሉኝታውን ምንጭ እኔ አከብረዋለሁ፤ ከትልቅ ነገር የመጣ ነውና። ላስታ የእንግዳ አገር ነው። በገና ሰሞን ሕዝበ ክርስቲያኑ ነጭ ለብሶ ከየአውራጃው በእግሩ ሲመጣ የላሊበላ ሰው ወጥቶ ይቀበለዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ያለውን ያካፍለዋል። ያ እንግዳ የእግዜር እንግዳ ነው፤ ከየት መጣህ፣ ምን ይዘሃል አይባልም። በዚህ ልማድ ያደገ ልጅ ለሰው ፊት ለፊት «ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ ቀብድ አስይዝ» ማለት ነውር ይመስለዋል። እናቱ ያጠበችውን እግር እሱ በገንዘብ የሚተምን ይመስለዋል።

ነገር ግን እግሩ የሚታጠበው ምእመንና በቅሎ የሚከራየው ጎብኚ ወደ እኛ የሚመጡት በተለያየ በር ነው። ምእመኑ ሲመጣ አስቀድመን ሰጥተን ጨርሰናል፤ የምንጠብቀው ምርቃቱን ብቻ ነው። ከጎብኚው ጋር የምንገባው ግን ውል ነው፤ እሱም ገንዘቡን ይዞ፣ አገልግሎት ፈልጎ፣ ዋጋ ሊሰማ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ሁለቱን በአንድ በር ስናስገባ ሁለቱንም እንበድላለን። በምእመኑ ላይ የኪራይ ዋጋ የሚቆልል አለ፤ ይህ ነውር ነው። ለጎብኚው ደግሞ በነፃ ሌሊቱን ሙሉ ፕሮግራም የሚጽፍ አለ፤ ይህም ልጆቹን መበደል ነው። ለአንዱ ደግነት፣ ለሌላው ግልጽነት ያስፈልገዋል።

ደግሞም ሕዝባችን ስለ ጊዜ ጥብቅ መሆን አያውቅም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በዚህ አልስማማም። እድራችሁን ተመልከቱ። ለቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል፤ ስብሰባ ያረፈደ ይቀጣል፤ ጸሐፊው ስሙን ሲጠራ «አቤት» ያላለ በመዝገብ ይያዛል። በዚህ ቅጣት የተቀየመ ሰው አላየሁም፤ ደንቡ ለሁሉም እኩል፣ አስቀድሞም የታወቀ ነዋ። እንግዲህ ጥብቅነት ከባሕር ማዶ የምናመጣው ዕቃ አይደለም። በእድር ያለንን ልማድ ወደ እንጀራችን ማምጣት ነው የተሳነን።

ሦስተኛው ጉዳይ ዋጋና ቀን ነው። «ስንት ነው?» ሲባል «ደስ ያለዎትን» ብሎ መመለስ በአገራችን ጨዋነት ነው። በሥራ ላይ ግን ጉዳቱ ብዙ ነው። እንግዳው ዋጋውን ስለማያውቅ ይፈራል፤ ስለፈራ አይወስንም፤ ስላልወሰነም ሌላ ሰው ይጠይቃል፤ አምስት ሰው ጠይቆ አምስቱንም ያስጠብቃል። መጨረሻ ላይ ደስ ያለውን ሲሰጥ ደግሞ ተቀባዩ ይከፋዋል፤ ሰጪውም ይደነግጣል፤ በቅሬታ ይለያያሉ። ዋጋ በመጀመሪያው ቃል ቢነገር አቅሙ የማይፈቅድለት ወዲያው «አመሰግናለሁ» ብሎ ይሄዳል። እንዲህ የሄደ ሰው አልጎዳንም። የሚጎዳን ቀኑን ሙሉ አብሮን ውሎ ማታ ዋጋ ሲሰማ የሚሄደው ነው።

ዋጋ ሲነገር ደግሞ እስከ መቼ እንደሚጸና አብሮ መነገር አለበት። ይህን በቅርቡ በከባድ ዋጋ ተምረነዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት በብር ዋጋ ሰጥቶ፣ ቀነ ገደብ ሳያበጅለት የተወ ሰው፣ እንግዳው ከወራት በኋላ «እሺ፣ በነገርከኝ ዋጋ መጥቻለሁ» ሲለው ምን ይበል? ቢቀበል ይከስራል፤ ባይቀበል ቃሉን ያጥፋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ መልስ አለው። በቁጥር 1690 እንደተደነገገው ውል ለመዋዋል ሐሳብ ያቀረበ ሰው የመቀበያ ጊዜ ከወሰነ በሐሳቡ የሚታሰረው ያ ጊዜ እስኪያልፍ ነው። ስለዚህ «ይህ ዋጋ እስከ ኅዳር 30 ይጸናል» የምትል አንዲት መስመር ከታች ጻፉ። መስመሯ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ እናንተን ከክስረት ትጠብቃለች፣ ያመነታውንም ሰው እንዲወስን ታደርጋለች። ሕጉ በቁጥር 1682 ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥረውምና፣ የጠፋን ሰው «ዝም ያለው ተስማምቶ ይሆናል» እያላችሁ ቀን አትያዙለት።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን አቆጣጠር አጭር ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ «ቀረብን» የምንለው እንግዳ አልቀረም፤ በሌላ ሰዓት መጥቶ እሱም እኛን አጥቷልና። እኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት የምንለውን እሱ 6 ሰዓት ይለዋል። «6 ሰዓት» ብላችሁት ከተለያያችሁ እሱ በሌሊት ወጥቶ ይቆማል፣ እናንተ ቀትር ላይ ትመጣላችሁ። በዓላቱም እንዲሁ ናቸው። ገና በሦስቱ ዘመናት ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ ስለዚህ በፈረንጆቹ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት ግን ጥር 11 ላይ ስለሚጸና በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ወደ ጃንዋሪ 20 ያልፋል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ይህን የማያውቅ ጎብኚ ትኬቱን በአንድ ቀን አሳስቶ ይገዛና ፕሮግራሙን ሁሉ ያፈርሳል። የምትልኩት ወረቀት ላይ ሁለቱንም ቀን፣ ሁለቱንም ሰዓት ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ፤ ወደ ቀብድ። ቀብድ ለእኛ አዲስ አይደለም። በሬ የሚገዛም፣ ቤት የሚከራይም፣ ለሠርግ ድንኳን የሚይዝም ቀብድ ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ልማዱን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ደንግጎታል። ቀብድ መሰጠቱ ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከሚከፈለው ሒሳብ ይቀነሳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ይለቃል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ የተቀበለውን አጠፌታ አድርጎ ይመልሳል። የሕጉን ሚዛን ልብ በሉ። እንግዳው ቢቀር ቀብዱ የእናንተ ነው፤ እናንተ ብትቀሩ እጥፍ ትከፍላላችሁ። ሁለቱም ወገን እኩል ስለሚታሰር፣ ቀብድ መጠየቅ ሰውን አለማመን ነው ማለት አይቻልም።

ለበቅሎ ኪራይ ሩቡ ይበቃል ብዬ አስባለሁ። ሩብ ማለት እንግዳውን የማያስፈራ፣ ግን ጧት ሐሳቡን ሲቀይር ትዝ የሚለው ያህል ነው። ያገር ሰው ከሆነ በቴሌብር በደቂቃ ይልካል፤ የውጭ ሰው ከሆነ በጁ ይሰጣል፣ ትንሽ ደረሰኝ ይቀበላል። አነጋገሩም ከሦስት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። «ጌታዬ፣ በቅሎዋ በቀን ይህን ያህል ናት። ሩቡን ዛሬ ማታ ከሰጡኝ ነገ የእርስዎ ናት። ካልተመቸዎት ጧት ቀድሞ ለመጣ እሰጣለሁ፤ እርስዎም ቀድመው ከመጡ ይወስዳሉ።» በዚህ ውስጥ ስድብ የለም፤ ልመናም የለም። እንግዳው «አይ፣ ነገ እንነጋገራለን» ካለ «እሺ፣ መልካም ምሽት» ብሎ መሄድ ነው። ቤት ገብቶ መተኛት ይቻላል፤ ልጁም ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ለአስጎብኚው ጥያቄው ከዚህ ይከብዳል፤ የእሱ ድካም የሚጀምረው ከውሉ በፊት፣ ፕሮግራሙን ሲያወጣ ነውና። እዚህ ላይ ሐኪም ቤቶችን ተመልከቱ እላለሁ። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ መጀመሪያ ካርድ እናወጣለን፤ ለካርዱም እንከፍላለን። ሐኪሙ ገና አላየንም፤ መድኃኒትም አልሰጠንም። ግን ቁጭ ብሎ የሚያደምጠን ጊዜው ዋጋ እንዳለው ስለምናውቅ ለካርድ መክፈል ማንንም አያስቀይምም። አስጎብኚም እንዲሁ ያድርግ። የመጀመሪያውን መልስ በነፃ ይስጥ፤ ለላሊበላ ስንት ቀን ያስፈልጋል፣ በግምት ስንት ያወጣል፣ የትኛው ወር ይሻላል የሚለውን በአጭሩ፣ በአክብሮት ይመልስ። በቀን በቀን የተሰላ ዝርዝር ፕሮግራም ሲጠየቅ ግን «ይህን ለማዘጋጀት ይህን ያህል አስከፍላለሁ፤ ጉዞውን ከእኔ ጋር ካደረጉ ከሒሳቡ ይቀነስልዎታል» ይበል። በእውነት ለመምጣት ያሰበ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ አይከብደውም። ዋጋ ለማወዳደር ብቻ የመጣው ከዚያ መስመር አያልፍም፤ ሌሊታችሁንም ይዞባችሁ አይሄድም።

አንድ መሰናክል አለ፤ ሁላችሁም በልባችሁ የያዛችሁት ይመስለኛል። እኔ ቀብድ ስጠይቅ ጎረቤቴ ካልጠየቀ እንግዳው ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል። እውነት ነው። ስለዚህ ይህ ነገር ለአንድ ሰው የሚቻል አይደለም፤ በማኅበር የሚሠራ ነው። ሩቅ ሳንሄድ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት በመቄት የተጀመረውን የማኅበረሰብ ቱሪዝም እናስታውስ። ተስፋ በሚባለው ሥርዓት እንደ መቋት ማርያም ባሉ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባሉ መንደሮች እንግዳ የሚያድርባቸው ጎጆዎች ተሠሩ። እንግዳው አስቀድሞ ቦታ ይይዛል፤ መንደሩም ማን፣ መቼ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ አውቆ ይዘጋጃል። ካልታወቀ በዚያ ከፍታ ላይ እንጀራው አይጋገርም፣ ውሃው አይቀዳም፣ አህያው ለጭነት አይቀርብም። የመቄት ገበሬ ይህን ሥርዓት ሲይዝ እንግዳው አልሸሸም፤ እንዲያውም የሚጠብቀውን አውቆ ስለመጣ ተደሰተ።

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እንደ እኛ ደጋ ያላት ፔሩ ወደ ማቹ ፒቹ በሚወስደው የጥንት የኢንካ መንገድ ላይ በቀን 500 ሰው ብቻ ታስገባለች፤ በዚህ ቁጥር ውስጥ አስጎብኚዎቹና ተሸካሚዎቹም አሉ። ፈቃዱ የሚወጣው አስቀድሞ፣ ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል፣ በተጓዡ ስምና ፓስፖርት ቁጥር ነው፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ ቢቀርም ገንዘቡ አይመለስም። ይህን ሁሉ እያወቀ የዓለም ሰው ወራት ቀድሞ ይመዘገባል። ቅድመ ክፍያ ጎብኚን ያባርራል የሚለው ፍርሃታችን ከዚህ አንጻር ሲታይ መሠረት የለውም።

ቀብድ የሚቀበል ሰው ግን በተራው የታመነ መሆን አለበት። አንዲት በቅሎ ለሁለት ሰው ቀብድ የተበላባት እንደሆነ፣ የሚበላሸው የአንዱ ባለበቅሎ ስም ብቻ አይደለም፤ በማግስቱ የሚመጣው እንግዳ ለማናችንም ቀብድ አይሰጥም። ማኅበሩ ለተበደለው እንግዳ እጥፉን ከፍሎ ከአባሉ ይቀበል እላለሁ። ይህ ከባድ ይመስላል፤ እጥፍ መመለሱን ግን ሕጉ ያዘዘው ነው፤ ያለዚህም ቀብዱ አይጸናም። መንገድ ሲዘጋ፣ በረራ ሲሰረዝ፣ እንግዳው በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሲቀር ደግሞ ቀብዱ ይመለስ፣ ወይም እሱ ከወደደ ለሌላ ጊዜ ይያዝለት። ከአቅም በላይ በሆነ ነገር የሰው ገንዘብ መያዝ ለዛሬ ይጠቅም ይሆናል፤ የከተማችንን ስም ግን ያጎድፋል።

ከመጨረሴ በፊት በጥንቃቄ እንድታዩልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ማን ጊዜ አባካኝ ነው፣ ማንስ አይደለም? በዚህ ዘመን ደጋግሞ የሚጠይቅን ሰው ሁሉ አባካኝ አንበል። «መንገዱ ሰላም ነው? ከጋሸና ወደ ላሊበላ በመኪና ይኬዳል? አውሮፕላኑ ይበራል?» ብሎ ሦስት ጊዜ የሚጽፍ ሰው ቤተሰብ ያለው፣ ነፍሱን የሚወድ ሰው ነው። መልሱን በእውነት ስጡት፤ ሰላም ካልሆነ ሰላም አይደለም በሉት። በዚህ ዓመት ባይመጣ እውነት የነገረውን ሰው ቁጥር ይዞ ይኖራል። የእኛንም ድርሻ እናስታውስ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በኋላ በክልላችን ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ስንቱ ጠያቂ ጽፎልን መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። ለእሱ የጠፋነው እኛ ነን። ግንኙነቱ ሲመለስ የቆዩትን መልእክቶች ከፍታችሁ «ይቅርታ፣ ኔትወርክ አልነበረም» ብላችሁ የመለሳችሁ እጃችሁ ይባረክ።

ሰውን በልብሱ አትመዝኑት። የተቀደደ ሱሪ ለብሶ፣ ከባድ ቦርሳ ተሸክሞ በአውቶቡስ የመጣው ወጣት አምስት ቀን ቆይቶ በቅሎ ሊከራይ፣ አስጎብኚ ሊይዝ፣ መስቀልም ሊገዛ ይችላል። ሱፍ ለብሶ ከአውሮፕላን የወረደው ቀን ሙሉ ዋጋ ሲጠይቅ ውሎ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ዋጋውንና ቀብዱን ለሁለቱም እኩል ብትነግሩ ማን ደንበኛ እንደሆነ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ የእናንተ ግምት አያስፈልግም። ለማወቅ ብቻ የሚጠይቅም አለ፤ ተማሪ፣ ተመራማሪ፣ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ አሠራር ሰምቶ የተደነቀ አረጋዊ። ለእነዚህ አሥር ደቂቃ መስጠት የአገር ልጅ ግዴታ ነው፤ ዕውቀታችን እኮ ከአባቶቻችን በነፃ የተቀበልነው ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ሥራችሁን ነግራችሁ መነሣት አያሳፍርም።

ስለ ባሕር ማዶ ወገኖቻችን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ብዙዎቹ በየዓመቱ ለገና ሊመጡ ያስባሉ፤ ዘመድ ናቸውና ቀብድ ለመጠየቅ እናፍራለን። «ለሃያ ሰው ቤት ያዙልን» ይላሉ፤ የሆቴሉ ባለቤት ለሃያ ሰው ይዞ ሌላውን ሲመልስ ይከርማል፤ በዋዜማው ስምንት ሰው ይመጣል። እነዚህ ወገኖች በሚኖሩበት አገር ሆቴል ሲይዙ የካርድ ቁጥራቸውን ሰጥተው፣ ቢቀሩ የሚቆረጥባቸውን ተቀብለው ነው። እዚህ ሲደርሱ ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ስለሌለ ነው ልማዱን የተዉት። «ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ፤ ክፍሉን እይዝልሃለሁ፤ እስከዚህ ቀን ግማሹን ላክልኝ» ቢባሉ አይቀየሙም። የሚቀየም ቢኖርም ቅያሜው ከአሥራ ሁለት ባዶ አልጋ ይሻላል።

ገና ሩቅ አይደለም። የአስጎብኚዎች፣ የባለበቅሎዎችና የሆቴል ማኅበራት ኃላፊዎች እዚህ ተቀምጣችኋል፤ በመጪው ሳምንት ተገናኝታችሁ የዋጋውን ዝርዝርና የቀብዱን መጠን ወስኑ፤ ደረሰኙን አሳትሙ፤ ዝርዝሩም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ እንግዳ ከመግባቱ በፊት በየሆቴሉ በር ላይ ይለጠፍ።